የ50 ፍራንኩ ጭማሪና የድንገተኛ ክፍሉ በር

የስዊዘርላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2025 ያጸደቀው የጤና መድን ሕግ ማሻሻያ ለካንቶኖች አዲስ ሥልጣን ሰጥቷል። ያለ ሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሚሄድ ታካሚ ከኪሱ የሚሸፍነው ዓመታዊ ድርሻ፣ በሄደ ቁጥር እስከ 50 ፍራንክ እንዲጨምር መወሰን ይችላሉ። ሐሳቡ በ2017 ሲቀርብ የታለመው ቀላል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ድንገተኛ ክፍሎችን እንዳያጨናንቁ ነበር። ዓላማው ተገቢ ነው። ሆኖም ጄኔቫና ዙሪክ በሥልጣኑ ለመጠቀም ከመወሰናቸው በፊት ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ አደንዛዥ ዕፅ የሚጠቀሙ ሰዎች ወደዚያ በር የሚመጡት ለምንድን ነው?

ምክንያቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ የሕይወት አደጋ ነው፤ ከመጠን በላይ የተወሰደ ዕፅ፣ ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን፣ ከባድ ጉዳት። ዕፅ በዝቶበት ራሱን የሳተ ሰው 144 ሊደውል አይችልም። የሚደውልለት ጓደኛው፣ አብሮት የሚኖር ሰው ወይም በአቅራቢያው ያለ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ሰው ያለው ሰው ሆስፒታል ይደርሳል፤ ብቻውን በር ዘግቶ የወደቀ ግን ከሆስፒታሉ መዝገብ ይልቅ በሟቾች መዝገብ ላይ ይገኛል። ሁለተኛው ምክንያት ሌላ የሚሄዱበት ማጣት ነው። በወቅቱ ያልታጠበ ቁስል፣ ያልታደሰ የመድኃኒት ማዘዣ፣ ማደሪያ የሌለበት የክረምት ሌሊት ሰውን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገፋሉ።

ማኅበራዊ ድጋፍ ሲጠናከር ሁለተኛው ዓይነት ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ግን ሊጨምር ይችላል። ድምሩን ብቻ የሚያይ የበጀት ባለሙያ ሰው ያዳነ ፕሮግራም ከሽፏል ብሎ ሊዘጋው ይችላል።

ዙሪክ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ገዝታዋለች። በፕላትስፒትስ መናፈሻ ይሰበሰቡ የነበሩት ዕፅ ተጠቃሚዎች በ1992 ሲበተኑ ችግሩ ወደ ቀድሞው የሌተን ባቡር ጣቢያ ተዛወረ፤ እርሱም በ1995 ተዘጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ በዕፅ ምክንያት በዓመት ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ይሞቱ ነበር። ለውጥ የመጣው ፖሊስ ብቻውን መሥራቱን ሲያቆም ነው። በ1991 በዙሪክ የተቋቋመው አሩድን የመሰሉ የሕክምና ማዕከላት ሜታዶንን በቀላሉ የሚገኝ አደረጉ፤ ከ1994 ጀምሮ በሐኪም ቁጥጥር ሄሮይን መስጠት ተጀመረ፤ መከላከል፣ ሕክምና፣ ጉዳት ቅነሳና ሕግ ማስከበር የአንድ ፖሊሲ አራት ምሰሶዎች ሆኑ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሞቱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በኅዳር 2008 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም 68 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ይህን አሠራር የሕግ መሠረት ሰጠው።

ይሁን እንጂ ያ ሥርዓት የተገነባው በዋናነት ለሄሮይን ነው። በጄኔቫ ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ኬ 9 የተባለው ማዕከል፣ ተጠቃሚዎች በባለሙያ ክትትል ሥር የሚሆኑበት ቦታ ነው። በ2023 ግን ከክራክ መስፋፋት ጋር የመጣው ውጥረት ስለበረታበት ለክራክ አጫሾች አገልግሎቱን ለጊዜው ለማቋረጥ ተገዷል። ለክራክ ሜታዶንን የመሰለ ተተኪ መድኃኒት የለም። ቀናት ሳይተኛና ሳይበላ የቆየን ሰው የሚያረጋጋው አልጋ፣ ምግብና ቁስሉን የሚያይ ነርስ ነው። እነዚህ በሌሉበት የሚቀረው አምቡላንሱ ነው።

በዙሪክ በኩል ደግሞ የአስተዳደር ድንበር ችግር አለ። ሌተን ሲዘጋ ከሌላ ቦታ የመጡ ተጠቃሚዎች ወደየመኖሪያ ማዘጋጃ ቤታቸው እንዲመለሱ ተደረገ። የከተማዋ መጠቀሚያ ማዕከላትም ለረጅም ጊዜ የሚያስተናግዱት የከተማዋን ነዋሪ ብቻ ነበር። ዲቤንዶርፍ ከዙሪክ በባቡር የደቂቃዎች መንገድ ናት፤ ዕፁም ጓደኛውም ዙሪክ ያሉት የዲቤንዶርፍ ነዋሪ ግን እርዳታ ሲፈልግ የመኖሪያ አድራሻው ይጠየቃል። አድራሻ ሳይጠይቅ የሚቀበለው የድንገተኛ ክፍሉ ነው።

በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የሚጣል 50 ፍራንክ ሌላ በር አይከፍትለትም። የማኅበራዊ እርዳታ ተረጂ ከሆነ ክፍያው ዞሮ በማዘጋጃ ቤቱ በጀት ላይ ያርፋል፤ ካልሆነ ደግሞ ሕመሙ እስኪብስ ይዘገያል፤ የዘገየ ኢንፌክሽን ደግሞ ለሳምንታት ያስተኛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለሆነም የሁለቱ ካንቶኖች ምክር ቤቶች ጭማሪውን ሥራ ላይ ባያውሉ ይመረጣል። የሚያውሉት ከሆነ በ144 የመጡ ታካሚዎች፣ እንዲሁም በመጠቀሚያ ማዕከላትና በመጠለያዎች ነርሶች የተላኩ ሰዎች እንደ ሪፈር ተቆጥረው ከክፍያው ነጻ ይሁኑ። ሆስፒታሎች ለሕይወት አደጋ የመጡትንና ሌላ መሄጃ አጥተው የመጡትን ለይተው ይመዝግቡ፤ የድጋፍ ፕሮግራሞችም የሚገመገሙት በሁለተኛው ቁጥር ይሁን። ዙሪክና እንደ ዲቤንዶርፍ ያሉ ጎረቤቶቿ ወጪ የሚጋሩበትን ስምምነት ፈርመው ማዕከላቱን ለሁሉም ይክፈቱ። ጄኔቫም የሌሊት ማደሪያና የቁስል ሕክምናን ከኬ 9 አጠገብ ቋሚ በጀት ትመድብላቸው።