ልጆችና የኬፕ ኮስት ግንብ

ልጆችን ወደ ታሪካዊ ሥፍራ ወስዶ ማስጎብኘት ትልቅ ትምህርት እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሥፍራው ግፍ የተፈጸመበት ከሆነ ብዙ ወላጆች «ልጄ ይረበሽብኛል» በማለት ያመነታሉ። ለመሆኑ ምን ማድረግ ይገባል?

በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋና የባሕር ዳርቻ ኬፕ ኮስት የምትባል ከተማ አለች። ከውቅያኖሱ ዳር የቆመው ነጭ ግንብ የእንግሊዞች የባሪያ ንግድ ማዕከል ነበር። ከሥሩ ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ የታጎሩባቸው ጨለማ ክፍሎች አሉ። ከወንዶቹ እስር ቤት በላይ ደግሞ ቤተ ጸሎት ነበር። ምርኮኞቹ ወደ መርከብ የተወሰዱበት በር «የማይመለሱበት በር» ይባላል። እንግሊዝ የባሪያ ንግድን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1807 ነው። ዛሬ በግንቡ ውስጥ የአካባቢውን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ምርኮኞች የታሰሩበት እግር ብረትም ይታይበታል። ከበሩ ውጭ ግን ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውንና መረባቸውን ይዘው የዕለት ሥራቸውን ያከናውናሉ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በወቅቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማ ይህን ግንብ ሲጎበኙ፣ የ11 እና የ8 ዓመት ሴቶች ልጆቻቸውም አብረዋቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ሚሼል ከባሮች ዘር የተወለዱ በመሆናቸው፣ የግንቡ ታሪክ የልጆቹም የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ልጆቻችሁን እንዲህ ወዳለ ሥፍራ ስትወስዱ ምን እንደሚያዩ አስቀድማችሁ በአጭሩ ንገሯቸው። ጨለማ ክፍል ስትገቡ እጃቸውን ያዙ፤ የፈራውን ልጅ «አይዞህ» ብላችሁ ይዛችሁት ውጡ እንጂ አታስገድዱት። ማታ እቤት ስትገቡም ያዩትን እንዲያወሩና እንዲጠይቁ ጊዜ ስጧቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ምናልባት «እማዬ፣ በእኛስ አገር ባርነት ነበር?» የሚለው ይሆናል። ልጁን ዝም ማሰኘት ወይም «የፈረንጆች ሥራ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። አዎን፣ በአገራችንም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ ባርነትን የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህን እውነት ከእናቱ አንደበት የሰማ ልጅ፣ የጎረቤቱን ልጅ በዘሩ ወይም በመልኩ ሲሰድቡ ሲሰማ ነውር መሆኑን ያውቃል። የቤት ሠራተኛችሁን በምን ዓይነት አነጋገር እንደምታዙም ልብ ብሎ ያያችኋልና፣ ትምህርቱን ከራሳችሁ ጀምሩ።