የባዕድ አገር ተማሪ በገበሬ ቤት፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋ

ማክሰኝት ከጎንደር ከተማ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአገር ውጭ ስሟ የታወቀው በጉማራ ማክሰኝት ተፋሰስ ምክንያት ነው። በዚህ ተፋሰስ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) እና የቪየና የተፈጥሮ ሀብትና የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የአፈር መሸርሸርን በጋራ አጥንተዋል፤ የማስተርስ ተማሪዎችም የመመረቂያ ጽሑፍ ሠርተውበታል።

የመስክ ጥናት ጽሑፍ እንደ ልማዱ የናሙናውን መጠንና የመለኪያውን ዓይነት በዝርዝር ያስቀምጣል። ተማሪው በገበሬ ቤት አርፎ ከሆነ ማን አሳደረው፣ ማን አበላው የሚለው ግን በምስጋና ገጽ ከአንድ መስመር አያልፍም። ጉዳዩ ከምስጋና ገጽ ወጥቶ ወደ ጥናት ዘዴውና ወደ በጀቱ ክፍል መግባት ይኖርበታል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የመረጃው ጥራት ነው። በደጋው ባላገር ቤት እንግዳ ሲገባ መደቡ ይለቀቅለታል፤ ዶሮ ይታረድለታል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይፈላል። ዶሮ ያረደ አባወራ በማግስቱ ስለ ጎተራው እህል ቢጠየቅ የሚመልሰው እንደ አስተናጋጅ እንጂ እንደ መረጃ ሰጪ አይደለም፤ ጉድለቱን ለእንግዳ መግለጥ ነውር ነውና። እንግዳውን የእርዳታ መልእክተኛ አድርጎ የገመተ ደግሞ ያለውን አሳንሶ ይናገራል። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ይዛባል።

ሁለተኛው የፍትሕ ጥያቄ ነው። የእንግዳው ሸክም በዋናነት የሚያርፈው በእማወራዋ ላይ ነው። የሚቀዳው ውሃ፣ የሚለቀመው ጭራሮ፣ የሚጋገረው እንጀራ ይጨምራል። ተማሪው ጾም የማያውቅ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ለእሱ ብቻ ሌላ ድስት ይጣዳል። «አስቸግሬ ይሆን?» ብሎ መጠየቅም መፍትሔ አይሆንም። ይሉኝታ ባለበት ቤት መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፦ «ኧረ ምን ገዶን! ቤቱ የእግዚአብሔር ነው።» ይህን እንደ ፈቃድ መቍጠር ጨዋነትን ከስምምነት ጋር ማምታታት ነው።

እንግዳ ተቀባይነትን በገንዘብ መተመን ባህሉን ያረክሰዋል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ሆኖም ለአንድ ሌሊት የመጣ እንግዳና ለወራት የሚሰነብት ቤተኛ አንድ አይደሉም። ጎንደር ከሩቅ የመጣን ተማሪ የማስተናገድ የራሷ ሥርዓት ነበራት። ከጎጃምና ከወሎ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ማደሪያው ግን ጎጆው ነው፤ ከቤተሰቡ ጓዳ አይገባም። ሰጪም ተቀባይም ልካቸውን ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1838 ጎንደር የደረሱት ፈረንሳዊ ወንድማማቾች አንቷንና አርኖ ዳባዲም ሊቅ አጽቁን የመሰለ አዋቂ ሰው አስተናጋጅ አግኝተው ነበር። አንቷን እ.ኤ.አ. በ1881 በፓሪስ ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት የዚህን አገር ሰዎች ዕውቀት ተሸክሞ ነው የወጣው። የዛሬው የውጭ አገር ተማሪ ግን በገበሬ ጓዳ አጠገብ የሚያድር፣ የቤቱንም ኑሮ የሚጽፍ ነው። የቆሎ ተማሪው ልክ ለእሱ አይበቃም፤ አዲስ ልክ ሊበጅለት ይገባል።

ስለዚህ ተማሪዎቹን የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስት ነገሮችን ቢደነግጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት መጠይቅ የማይወጣባቸው፣ ተማሪው ሰላምታና የቤት ሥራ የሚማርባቸው ይሁኑ። ሁለተኛ፣ የቤተሰቡ ፈቃድ ተማሪው በሌለበት፣ ቤተሰቡ በሚያምነው ሽማግሌ አማካይነት ይጠየቅ፤ እማወራዋም ለብቻዋ ትጠየቅ። ሦስተኛ፣ የመስተንግዶው ወጪ በጥናቱ በጀት ተይዞ፣ በእህልም ይሁን በብር፣ ለእማወራዋ በእጇ ይሰጥ።

ይህ ሲሆን እንግዳ ተቀባይነቱ አይቀንስም። ዶሮው ይታረዳል፤ ቡናውም ይፈላል። የሚቀረው አስተናጋጇ ብቻዋን ትከፍለው የነበረው፣ በጥናቱ ግን ያልተመዘገበው ዕዳ ነው።