ከሣጥኑ በፊት ጣሪያውን እንመልከት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ወጥቶለታል። ይኸውም በብርዱ ወራት የጋዝና የመብራት ሂሳብ ለከበደባቸው አባላት ከመረዳጃ ሣጥናችን በየዓመቱ ገንዘብ ይውጣ የሚል ነው። ውሳኔው የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። እኔ እንደ ጸሐፊነቴ ቃለ ጉባኤውን እንደተባለው ጽፌዋለሁ። እንደ አንድ አባል ደግሞ ሐሳቡን እቃወማለሁ። ምክንያቴንም ሰው ሁሉ አንብቦ እንዲመጣ በዚህ ሰሌዳ ላይ አውጥቼዋለሁ።

የተቸገረ አይረዳ አላልኩም። ሣጥኑ የተቋቋመው ለለቅሶ፣ ለበሽታና ድንገት ሥራ ለፈታ ሰው ነው። የማሞቂያ ሂሳብ ግን ድንገተኛ ነገር አይደለም። እኛ በምንኖርበት በሚኒሶታ ብርዱ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። አምና የከፈልነውን ዘንድሮም እንከፍላለን፣ ለከርሞም እንከፍላለን። ሙቀቱ ግን ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ በኮርኒሱ በኩል ወጥቶ ሰማዩን ያሞቃል። ታዲያ የምንረዳው ጎረቤታችንን ነው ወይስ ሰማዩን? በሚያፈስ እንስራ ውኃ መቅዳት ማለት ይኼ ነው።

ነገሩ ከባድ ትምህርት አይፈልግም። እንጀራ የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ምጣዱ የቱንም ያህል ቢግል አክንባሎው ካልተከደነ እንጀራው አይበስልም። የቤታችን አክንባሎ ከኮርኒሱ በላይ፣ አቲክ በምንለው ቦታ የሚነጠፈው ኢንሱሌሽን ነው። ሰፈራችን ውስጥ ካሉት አሮጌ ቤቶች በብዙዎቹ ላይ ያለው ንጣፍ ስስ ነው፤ ወይም አርጅቶ ተጨፍልቋል። ለእንደኛ ላለ ብርድ አገር የሚመከረው ከአር-49 እስከ አር-60 ነው። አር ማለት ሙቀትን የመያዝ አቅም መለኪያ ነው። ከወረቀት ተፈጭቶ የሚነፋው ሴሉሎስ በአንድ ኢንች ወደ 3.5 አር ይሰጣል፤ ስለዚህ አር-49 ለመድረስ 14 ኢንች ያህል ውፍረት ያስፈልጋል። በጣሪያችሁ ጠርዝ ላይ በየዓመቱ በረዶ እየተጋገረ ውኃው ወደ ግድግዳ የሚገባባችሁ ሰዎች፣ ሙቀታችሁ በላይ በኩል እያመለጠ መሆኑን በረዶው ራሱ እየነገራችሁ ነው።

እሺ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ክርክሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 ከደረሰው የነዳጅ ችግር በኋላ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ሕግ ዌዘራይዜሽን የሚባለውን ፕሮግራም አቋቁሟል። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ቤት በነፃ ያድሳል። ሠራተኞች መጥተው በማራገቢያ ማሽን ቤቱ የት የት እንደሚያፈስ ይለካሉ፣ ማሞቂያው መርዘኛ ጋዝ እንዳይለቅ ይመረምራሉ፣ ክፍተቱን ይደፍናሉ፣ ኢንሱሌሽን ይጨምራሉ። የፌዴራሉ ሕግ ገቢው ከድህነት ወለል እጥፍ ያልበለጠ ቤተሰብ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛና ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ቅድሚያ ያገኛል። በሚኒሶታ ደግሞ ለሂሳብ እርዳታ፣ ማለት ኢነርጂ አሲስታንስ ለሚባለው የሚሞላው ፎርም ለዌዘራይዜሽንም ያገለግላል። አንድ ፎርም፣ ሁለት ጥቅም።

ይህን እያወቅን ከራሳችን ሣጥን ገንዘብ ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር አይሆንም ወይ?

በስብሰባው ላይና በየቡናው የምሰማቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ልመልስ።

«ልመና ነው፣ ያሳፍራል» የሚሉ አሉ። ከደመወዛችን በየጊዜው ግብር ሲቆረጥ ማን አፈረ? የራስን ገንዘብ መልሶ ማግኘት ልመና አይባልም። ከጎረቤት መዋጮ ወስዶ ለጋዝ ኩባንያ መስጠት የማያሳፍር ከሆነ ፎርም መሙላትም አያሳፍርም።

«መንግሥት ኋላ ቤቱን ይይዘዋል» ይባላል። ብድር ሲሆን ነው የሚያዝ። ይኼ ስጦታ ነው፤ የሚመለስ ዕዳ የለበትም። ነገር ግን የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ያልተቋጨ ሰው ማንኛውንም የመንግሥት ፎርም ከመፈረሙ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። የጎረቤት ወሬ የሕግ ምክር አይደለም።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም» የሚለው ደግሞ ስሕተት ነው። ተከራይም ያመለክታል። የሚያስፈልገው የባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ነው። የፌዴራሉ ደንብም ሥራው ካለቀ በኋላ ለተመጣጣኝ ጊዜ ባለቤቱ በዚያ ምክንያት ኪራይ እንዳይጨምር ይከለክላል። ከእኛው ወገን ቤት የምታከራዩ ሰዎች፣ ለእናንተ በተለይ የምለው አለኝ። ቤታችሁ በነፃ ሊታደስ ሳለ «ጣጣ ነው» ብላችሁ ፊርማ መከልከል በተከራያችሁ ልጅ ብርድ ላይ መፍረድ ነው።

«ወረፋው ረጅም ነው» የሚለው እውነት ነው፣ አልክድም። ረጅም ወረፋ ግን ቶሎ ለመሰለፍ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመቅረት አይሆንም። ፎርሙን የምንቀበልበት ጊዜም ዓመቱን ሙሉ ክፍት አይደለም። እስከዚያው ድረስ ሂሳብ ያቃተው ሰው ዝም አይበል። በሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ የሚሠራ ደንብ አለ። ለኩባንያው ደውሎ የአከፋፈል ስምምነት ያደረገና ስምምነቱን የጠበቀ ሰው ማሞቂያው አይቆረጥበትም። መደወል ግን የባለጉዳዩ ፈንታ ነው።

በየበሩ እያንኳኩ «ፎርም እናስሞላለን» ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች መኖራቸውንም ሰምተናል። ማመልከቻው በነፃ ነው። ክፈል የሚላችሁን ሰው በሩን ዝጉበት።

ገቢያችን ከወለሉ በላይ ነው የምትሉስ? የፌዴራሉ የግብር ቅናሽ፣ ማለት ለኢንሱሌሽን ከወጣው 30 በመቶ፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር ይመልስ የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ላይ አብቅቷል። አሁንም አለ ብሎ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ተቋራጭ ካለ አትመኑት። ለጋዝ ኩባንያችሁ ደውላችሁ የራሱ ተመላሽ እንዳለው ጠይቁ። በራሳችሁ እጅ የምትሠሩም ካላችሁ መጀመሪያ ክፍተቱን ድፈኑ፣ ከዚያ ንጣፉን ጨምሩ፤ በጣሪያው ጠርዝ ያለውን የአየር ማስገቢያ አትዝጉ። ከላይ ስትወጡ ቀለል ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ጠጠር ካያችሁ ግን አትንኩት። ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። እስከ እ.ኤ.አ. 1990 ድረስ በሞንታና ሊቢ ከሚባል ቦታ ይወጣ የነበረው ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነው። ወርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ ፎርሙን አስገብቶ ማስረጃ ላላቀረበ አባል ከሣጥኑ ለማሞቂያ ሂሳብ ገንዘብ አይውጣ። አመልክቶ መልስ ለሚጠብቅ ወይም ተከልክሎ ለተቸገረ ግን ይውጣ፤ እኔም እጄን አወጣለሁ።

2ኛ/ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ሦስት አባላት ተመርጠው በሳምንት አንድ ቀን ፎርም ይሙሉ። አመልካቹ የገቢ ማስረጃና የጋዝና የመብራት ሂሳብ ይዞ ይምጣ። አቅም የሌላቸው አዛውንቶች ቤት ድረስ ይኬድላቸው።

3ኛ/ ገቢው ከወለሉ በጥቂት አልፎ ለተከለከለ ባለቤት ሣጥኑ በየዓመቱ ሂሳብ ከሚከፍልለት ይልቅ ለኢንሱሌሽን አንድ ጊዜ ያበድረው፤ ቀስ እያለ ይመልስ።

ሐሳቤ ጨካኝ ነው የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጭካኔው ግን የቱ ጋ ነው? ሣጥኑ ለጋዝ ሲከፍል ከርሞ አንድ ቀን ለቅሶ ወይም በሽታ ቢመጣና ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ያን ጊዜ ለማን እናለቅሳለን? ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሣጥኑም የሚያልቀው እንዲሁ በደግነት ስም፣ ትንሽ በትንሽ ነው።

የምትቃወሙኝም የምትደግፉኝም በስብሰባው ተገኙ። ከስብሰባው በፊት ግን እያንዳንዳችሁ መሰላል አቁማችሁ፣ ባትሪ ይዛችሁ፣ ወደ አቲካችሁ አንገታችሁን አስገቡና ንጣፉን በማስመሪያ ለኩ። ስንት ኢንች እንደሆነ ጽፋችሁ አምጡ። ክርክሩን ከዚያ እንጀምራለን።

የማኅበሩ ጸሐፊ