«እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ትንፋሽ ማጠር

ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ እናቶችና አባቶች ለምርመራ ሲመጡ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሯቸው ይገባል። ምን እንደሚሰማቸው ስጠይቅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመልሰው አስታማሚው ነው። «ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ያው እርጅና ነው» ይላል። ይህን አባባል የምንጠቀመው ቤተሰቦች ብቻ ብንሆን ኖሮ ባልከፋ፤ እኛ ባለሙያዎችም እንለዋለን። በእኔ እምነት «እርጅና ነው» የምርመራ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ መሆን የለበትም።

እርጅና ልብን መለወጡ እውነት ነው። ለውጡ የት እንደሚጀምር ለማየት ወደ ልብ ጡንቻ ሕዋስ እንግባ። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ሶዲየም በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ባሉ ጥቃቅን በሮች ወደ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲየምም ይከተላል፤ ጡንቻው ይኮማተራል። ቀጥሎ ልብ በደም እንዲሞላ ጡንቻው መላላት አለበት። ለዚህ ደግሞ ካልሲየሙ ከፊሉ ወደ ሕዋሱ ጎተራ መመለስ፣ ከፊሉም ወደ ውጭ መውጣት ይኖርበታል። አንድ ካልሲየም ለማስወጣት ሕዋሱ ሦስት ሶዲየም ያስገባል። የገባውን ሶዲየም መልሶ የሚያወጣው ሌላ ፓምፕ ነው፤ ሦስት ሶዲየም አውጥቶ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል። ይህንን ፓምፕ የዴንማርኩ ተመራማሪ ዬንስ ስኩ በ1957 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋሪ ሆነዋል።

ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ እንደማውጣት ቁጠሩት። ቀዳጁ ሳያቋርጥ እስከሠራ ድረስ ቤቱ አይጥለቀለቅም። በአብዛኛው በእንስሳት ልብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዶቹ የሶዲየም በሮች ቶሎ አይዘጉም፤ ካልሲየምን ወደ ጎተራው የመመለሱ ሥራም ይዘገያል። በልብ ድካም በተያዘ ልብ ውስጥ ደግሞ የሕዋሱ ሶዲየም ከፍ ብሎ ይገኛል። ሶዲየም ውስጥ ሲከማች ካልሲየምን ማስወጣት ይከብዳል። ካልሲየሙ ሲዘገይም ጡንቻው ቶሎ አይላላም።

ስለዚህ ያረጀ ልብ መጀመሪያ የሚቸገረው በመላላት እንጂ በመግፋት አይደለም። ከ20 እስከ 80 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልብ ከተላላ በኋላ ደም በመጀመሪያ የሚሞላበት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ሊቀንስ ይችላል። ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ይህ አይታወቅም። ታክሲ ለመያዝ ሲጣደፉ ግን ምቱ ይፈጥናል፤ የመሙያው ጊዜ ያጥራል፤ ወደ ሳንባ በኩል ግፊት ይጨምርና ትንፋሽ ያጥራል። በአልትራሳውንድ ታይቶ «ልብዎ በደንብ ይረጫል» የተባለ ሰው ዳገት ላይ የሚቆመውም አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የዕድሜ ለውጥ የልብን መጠባበቂያ አቅም ይቀንሳል እንጂ ብቻውን ሰውን አልጋ ላይ አይጥልም። አልጋ ላይ የሚጥለው በላዩ የሚታከለው ነው፤ ያልታከመ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የተዛባ የልብ ምት። እነዚህ ሁሉ ሊታወቁና ሊታከሙ የሚችሉ ናቸው። ቁጭቴም እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ያለ ችግር የወጡትን ደረጃ ዘንድሮ መሐል ላይ አርፈው የሚወጡ፣ ትራስ ደራርበው የሚተኙ፣ ሌሊት አየር አጥሯቸው የሚነሡ፣ ማታ እግራቸው የሚያብጥ አዛውንት መታየት አለባቸው። ለጉንፋንም ይምጡ ለጉልበት ሕመም፣ ግፊታቸውን ሳንለካ መሸኘት የለብንም።

ሶዲየም ሲባል ሁሉም ወደ ጨው ዕቃው ይመለከታል። የምንበላው ጨው በቀጥታ ሄዶ የልብ ሕዋስ ውስጥ አይከማችም፤ የደማችንን ሶዲየም ኩላሊትና ሆርሞኖች ይቆጣጠሩታል። ጨው የሚጎዳው ውኃ በሰውነት ውስጥ በመያዝና ግፊት በመጨመር ነው። ቀስ ብሎ ለሚላላ ልብ ደግሞ ይህ ትልቅ ሸክም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። በእኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፤ ማዕድ ላይም ሚጥሚጣ ይቀርባል። በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ነው፤ እኔም ብሆን አልጠላውም። ከሁሉ የሚቀለው ከድስቱ መቀነስ ነው፤ ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል።

ሆኖም ጨውን ፈጽሞ ማቆም ለአዛውንት ሌላ አደጋ አለው። በተለይ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያለ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች የደማቸው ሶዲየም ከልክ በታች ሊወርድ፣ ግራ ሊጋቡና ሊወድቁ ይችላሉ። በፖታሲየም የተሠራ የጨው ምትክም የኩላሊት ችግር ላለባቸውና እንደ ኢናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ለሚወስዱ ያለ ሐኪም ምክር አይሆንም።

ዲጎክሲንን ደግሞ ለብቻው ላንሣው። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ያንኑ የሶዲየም ፓምፕ ሆን ብሎ በማዳከም ነው። በሚረዳው መጠንና በሚመርዘው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ የአዛውንት ኩላሊት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ መስሎ መታየት ወይም የልብ ምት መዝግየት ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይሂዱ። «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብሎ ለጎረቤት ማካፈልማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ለምርመራ ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ያቋረጡትንም፣ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዘው ይሂዱ። አስታማሚ ልጆችም እባካችሁ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ስለ ትንፋሻቸው ራሳቸው እንዲናገሩ ጊዜ ስጧቸው።