የሃይማኖት አባት ለመንግሥት ምን ይበል?

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱን ለመሻር ሲነሡ ትልቁ ሥጋታቸው መሐላቸው ነበር። ለምኒልክ ወራሽ ታምነው ለማደር ምለዋልና። ከመሐላው የሚፈታቸው ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ነበሩ፤ ቢያንገራግሩም ፈቷቸው። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ገጥመው ተሸነፉ፤ ሺዎችም አለቁ።

አባቶች በመንግሥትና በሕግ ጉዳይ አይግቡ የሚለው ወገን የሚፈራው እንዲህ ያለውን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገቡ ደንግጓል። ግን ይህ አባቶች አፋቸውን ይያዙ ማለት ከሆነ አቡነ ጴጥሮስን የት ልናደርጋቸው ነው? ሐምሌ 22 ቀን 1928 ፋሺስት ጣሊያን በጥይት የገደላቸው፣ አርበኞችን አላወግዝም፣ ለወራሪም አልገዛም ስላሉ ነው። ሐውልት ያቆምንላቸውም ለዚሁ እምቢታቸው ነው።

የማቴዎስ ቃል ገዥ ሻረ፤ የጴጥሮስ ቃል እውነት መሰከረ፤ ዋጋውንም በነፍሳቸው ከፈሉ። የእኔ አቋም ከዚህ ይነሣል፤ የሃይማኖት አባት ሕግ አውጪውን ይምከር፣ ይገሥጽም፤ ሥልጣን ላይ ማን ይውጣ ማን ይውረድ ብሎ አይፍረድ፣ የመንግሥትንም ጉልበት ለእምነቱ አይለምን።

ይህ የሚበጀው ለሃይማኖቱም ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ አደረጋት፤ የጳጳሳትን ምርጫ ማጽደቅ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ተሰጠ። ሹመቱን ያጸደቀለትን ንጉሥ ፊት ለፊት የሚገሥጽ ስንቱ ነው? የሌላው እምነት ተከታይም ባይተዋር ሆነ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት እኩልነት ፍለጋ ነበር። ዙፋኑ ሲወድቅ ደግሞ ቤተ መንግሥት በቤተ ክህነት ላይ የለመደው እጅ ለደርግ ተረፈ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ተገደሉ።

ጋብቻ፣ ውርስ፣ ፅንስ ማቋረጥ የሕሊናም ጉዳይ ናቸው፤ አባቶች ለምን ዝም ይበሉ? የሚል ይኖራል። ዝም አይበሉ። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፍቷል። ቁልፉ ፈቃድ ነው። ሼኩም ቄሱም ፓስተሩም ምእመናቸውን ከዚህ ራቁ ቢሉ መብታቸው ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ሁሉን ያስገድድልን ሲሉ ግን መጽሐፋቸውን የማይቀበለው ዜጋም ሊመዝነው የሚችል ምክንያት ያምጡ፤ ያንንም በጓዳ ሳይሆን በአደባባይ ይናገሩት።

ስለዚህ አባቶቻችን፣ ባለሥልጣን ፊት ስትቀርቡ ለራሳችሁ ቤት ከመለመናችሁ በፊት ያለ ፍርድ ስለታሰረውና ከቀዬው ስለተፈናቀለው ተናገሩ፤ የእናንተን እምነት ባይከተልም። ለሌላው የሚቆም አባት ስለ ሕግ ሲናገር ጣልቃ ገባ የሚለው አይኖርም።