በቁሙ እንድረስለት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትል፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ወገኖች! ሰው ሲሞትብን ምን እንደምናደርግ አሳምረን እናውቃለን። ገንዘቡ ሳይውል ሳያድር ይሰበሰባል፣ አዳራሽ ይገኛል፣ አስከሬኑ አገሩ ይገባል። ዕድርን ከነደንቡ ይዘን ነው ውቅያኖስ የተሻገርነው። ያው ሰው በቁሙ ሳለ፣ ወገቡ አልታዘዝ ብሎት ከታክሲው፣ ከፓርኪንጉ ወይም ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራ ሲቀር፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ የመጣለትን ደብዳቤ ማን አነበበለት?

የአሜሪካ መንግሥት በሕመም መሥራት ላቃተው ሰው ሁለት በር አለው። ኤስኤስዲአይ በቂ ዓመት ሠርቶ ግብር ለከፈለ ነው፤ ኤስኤስአይ ደግሞ ገቢውና ንብረቱ አነስተኛ ለሆነ። በሁለቱም በኩል መጀመሪያ ከሚያመለክተው ውስጥ የሚበዛው ተከልክሎ ይመለሳል። የእኛ ሰው ደግሞ መንግሥት እምቢ ካለ አለቀ ብሎ ያደገ ነውና ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ግን አላለቀም። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ከዚያም ይግባኝ ሰሚው፣ በመጨረሻም ፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። ለእያንዳንዱ ደረጃ የተሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። ያለ በቂ ምክንያት ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

መጠበቁም ሰው ይጨርሳል። የመንግሥት ሂሳብ መርማሪው መሥሪያ ቤት ራሱ ባወጣው ዘገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2019 ወደ 110,000 የሚጠጉ አመልካቾች የይግባኛቸውን መልስ ሳያዩ ሞተዋል። ኤስኤስዲአይ የተፈቀደለትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ሙሉ ወራት አይከፈለውም፤ የመንግሥት የጤና መድኅኑ ሜዲኬር ደግሞ ለብዙው ሰው ሌላ 24 ወር ይቆያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚጎዳን ግን ጨዋነታችን ነው። ሐኪሙ "እንዴት ሰነበቱ?" ሲል አባባ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። ለእኛ ይህ ሰላምታ ነው፤ ሕመሙ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ ግን "ታካሚው ደህና ነኝ ብሏል" ብሎ ይጽፋል፤ ያቺ መስመር ውሳኔ ሰጪው ጠረጴዛ ላይ ትደርሳለች። የዕለት ኑሮን የሚጠይቀው ፎርም ሲመጣም እንዲሁ ነው። "ምግብ ያበስላሉ?" ሲባሉ እማማ "አዎ" ያስጽፋሉ። ሽንኩርቱን የምትከትፈው ልጃቸው፣ ድስቱን የምታወርደውም ልጃቸው፤ እሳቸው ተቀምጠው ጨው ይቀምሳሉ። ገላዬን ብቻዬን መታጠብ አቃተኝ ማለትማ፣ ያውም ልጅ እያስተረጎመ፣ እንዴት ተደርጎ! ቋንቋም ቢሆን ዛሬ አያግዝም፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ድረስ እንግሊዝኛ አለመቻል ዕድሜው ለገፋ አመልካች ይታሰብለት ነበር፤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ እውነቱ ሳይሸሸግ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። አስተርጓሚውንም ሶሻል ሴኩሪቲ በነጻ ማቅረብ አለበት። አማርኛ ብላችሁ ጠይቁ፤ ልጆቹን ተዉአቸው።

እንግዲህ ጥሪው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና ዕድር ከመካከሉ ነርሶችን፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን፣ ተማሪዎችን ይምረጥ። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይዘርጉ፤ ደብዳቤ ያንብቡ፣ 60ውን ቀን ይቁጠሩ፣ ቀጠሮ ላለበት ሰው አብረው ይሂዱ። በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት ያገኘ ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ኤስኤስአይ የሚከፈለው አብዛኛውን ጊዜ ቢበዛ ለሰባት ዓመት መሆኑን ያስታውሱት። ፎርም እሞላለሁ እያለ ከበሽተኛ እጅ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበለውን (አለ፣ እናውቀዋለን) ያሳፍሩት። ጠበቃ ካስፈለገም የተለመደው ውል ሲረታ ብቻ የሚከፈል ነው፤ ከተጠራቀመው ውዝፍ ክፍያ ሩቡን፣ ያውም በሕግ ከተቆረጠው ጣሪያ ሳያልፍ ይወስዳል።

ሁለተኛው ሥራ ኮንግረስ ዘንድ ነው። ኤስኤስአይ የሚያገኝ ሰው በእጁ ሊኖረው የሚፈቀደው 2,000 ዶላር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። ዕቁብ የደረሰው በሽተኛ በዚሁ ሰበብ ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል! ድምፅ የምትሰጡ ሁሉ የእንደራሴዎቻችሁን ቢሮ በስልክ አጨናንቁ። ግፊት እንደሚሠራ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ አካል ጉዳተኞች የፌዴራል ሕንጻ ይዘው ከሦስት ሳምንት በላይ ተቀምጠው ነው፣ ሲጓተት የነበረውን የመብት ደንብ ያስፈረሙት። ምግብ ያመላለሱላቸው የጥቁር አሜሪካውያን ድርጅት አባላት የሆኑት ብላክ ፓንተሮች ነበሩ። ምግብ ማመላለስ እኛን ማንም አያስተምረንም።

የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ ከመዋጮው በፊት አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙ። ቤታችሁ ውስጥ ያልተመለሰ ደብዳቤ ያላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጡትና የተጻፈበትን ቀን አይታችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው ስጡ።