አጨራረስን መተቸትና ሰውን መተቸት



ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በፍኖተ ሰላም ጀበና ቡና ከብበን ተቀምጠን ሳለ ሁለት ወጣቶቻችን በኃይሌ ገብረ ሥላሴና በቀነኒሳ በቀለ ተከራከሩ። ክርክሩ ስለ ሩጫ ተጀምሮ “ኩሩ ነው”፣ “አስመሳይ ነው” በሚል ስድብ አበቃ። ሁለቱ አብረው የሚዘምሩ ናቸው፤ ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሲለያዩ ግን “ደኅና ዋል” እንኳ አልተባባሉም።

ስለ አሯሯጥ መከራከር ነውር የለበትም። “ከኋላ ተደብቆ ቆይቶ በመጨረሻው ዙር ይነጥቃል” የሚለው ነቀፌታ፣ የቡጢ ተመልካቾች ተከላካዩን ቡጢኛ “ይሸሻል እንጂ አይገጥምም” እንደሚሉት ያለ ነው። እኔ ግን አልቀበለውም። ከፊት የሚሮጥ ነፋሱን ይሰብራል፤ ተከታዩ ኃይሉን ይቆጥባል፤ በኦሊምፒክ ደግሞ ተቀጥሮ ፍጥነት የሚያወጣ አሯሯጭ የለም። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ 5,000 እና 10,000 ሜትርን አሸንፎ “ማርሽ ቀያሪው” ሲባል የተደነቀው ይኸው አጨራረሱ ነው። ኃይሌም በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ፣ ፖል ቴርጋት ቀድሞ ሲፈተለክ ተከትሎ በ9 መቶኛ ሴኮንድ ቀደመው። ታዲያ ለእነርሱ ብልኃት ያልነው ለቀነኒሳ ድብቅነት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

የሰው ስም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ ሲስቅ ስላየነው ትሑት፣ ሌላው ዝም ስላለ ኩሩ እንላለን። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ፣ ኃይሌ በተረከዝ ጅማቱ ሕመም ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ዞር ዞር እያሉ ተመለከቱት፤ እንዲደርስባቸውም ፍጥነታቸውን ቀነሱ። የኦሊምፒክ ወርቅ ፊታቸው ቆሞ ሳለ! እንደማይደርስባቸው ሲያውቁ ሄዱ፤ ቀነኒሳ 1ኛ፣ ስለሺ 2ኛ፣ ኃይሌ 5ኛ ሆኑ። ይህ አንድ ቀን የቀነኒሳን ልብ ሁሉ አይገልጥልንም፤ “ዙፋን ነጣቂ” ለሚለው ወሬ ግን ምስክር አይሆንም። (እኔ ራሴ የኃይሌ ወገን ስለነበርሁ በዚያ ቀን ቅር ብሎኝ ነበር። የቀነሱትን ፍጥነት ያስተዋልሁት ከዓመታት በኋላ ነው።)

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ ሯጩንም ቡጢ ተጋዳዩንም በአንድ ምዕራፍ ያነሣል። ከእነርሱ ለምሳሌነት የወሰደው ራስን መግዛታቸውን ነው፤ ስለ ተመልካቾቹ ጩኸት አንዳች አልጻፈም።

ሁለቱን ወጣቶች በመጪው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በፊት እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ። የአቴንሱን ሩጫ ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ከመጨረሻው ዙር ሳይሆን ኃይሌ ወደ ኋላ መቅረት ከጀመረበት አንሥተን እናየዋለን።